ሳንጀምር እንለካ፤ ቀላል ብርድ ልብስ በእጅ ስለ መሥራት
(በማኅበረሰብ ሬዲዮ ለሮቫ ቤት አድማጮች የቀረበ ንግግር)

የዛሬው ንግግራችን ቀላል ብርድ ልብስ በእጅ ስለ መሥራት ነው።

በአገር ቤት ክረምት ስንል ሰኔንና ሐምሌን እናስባለን። እዚህ ግን ብርዱና ዝናቡ የሚበረቱት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። አሽዶድ እንደ ደባርቅ ውርጭ ባይኖርባትም ባሕሩ ቅርብ፣ ርጥበቱ ብዙ ነው፤ የቤቱ ወለልም ሌሊት ይቀዘቅዛል። አዲስ ገቢ ቤተሰብ ደግሞ የሚገዛው ዕቃ ብዙ፣ ገንዘቡ ጥቂት ነው። በታሽሉሚም የተገዛ ወፍራም ብርድ ልብስ ክረምቱ ካለፈ በኋላም ዕዳው ይቀጥላል። በእጅ የሚሠራው ግን ክሩ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ሊገዛ ይችላል። ይሁን እንጂ ያለ ዕቅድ ከተጀመረ እርሱም ገንዘብ ያባክናል። ስለዚህ ዋናው ምክራችን፣ ክር ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ፣ ቁጠሩ የሚል ነው።

ይህ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። ጥጡ ተዳምጦ፣ ተነድፎ፣ ባዘቶ ሆኖ በእንዝርት ሲፈተል ያየን ሕዝብ ነን። በመንዝ ደጋም ከበግ ጠጉር ባናና ዝተት ይሠራል። ከቤተ እስራኤል ወንዶች ብዙዎቹ ሸማኔዎች ነበሩ። ሸማኔ ደግሞ ድሩን በልክ ሳያደራ ማግ አይጀምርም። ጋቢም ቢሆን ጠባብ ሆኖ የተሸመነ ጨርቅ ጎን ለጎን ተሰፍቶ፣ በአራት ድርብ የሚዘጋጅ ነው። በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ሲመጡ የቤት ዕቃው እዚያው ቀረ። የእጅ ዕውቀቱ ግን ከሰዉ ጋር መጣ።

አሁን ወደ ሱቅ እንሂድ። በዕብራይስጥ የሹራብ መሥሪያው ዘንግ ማስሬጋ ይባላል። በሁለት ዘንግ የሚሠራው “ሽቴ ማስሬጎት”፣ እኛ ኪሮሽ የምንለው ደግሞ “ማስሬጋ አሐት” ነው። ክሩን ጸመር ይሉታል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጸመር ማለት የበግ ሱፍ ቢሆንም፣ በሱቅ ከፕላስቲክ ዓይነት ነገር የሚሠራውን አክሪሊክንም ጸመር ይሉታል። ስለዚህ በጥቅሉ ወረቀት ላይ ያለውን አንብቡ፤ ወይም ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ ያንብብላችሁ።

የበግ ሱፍ ይሞቃል፤ ነገር ግን ብዙው ዓይነት በሙቅ ውኃ በማሽን ከታጠበ ይኮማተራል። ጥጥ ለቆዳ ምቹ ነው፤ ሲረጥብ ግን ይከብዳል፣ በአሽዶድ ክረምትም ቶሎ አይደርቅም። አክሪሊክ ዋጋው ቀለል ያለ፣ በማሽን የሚታጠብና ቶሎ የሚደርቅ በመሆኑ ለጀማሪ ይስማማል። ሆኖም በእሳትና በካውያ ስለሚቀልጥ ከኤሌክትሪክ ማሞቂያ አርቁት። ከዚህም ሌላ፣ የበግ ሱፍንና የተልባ እግርን በአንድ ልብስ መቀላቀል በኦሪት የተከለከለ ነው፤ ይኸውም ሻዕትኔዝ የሚባለው ነው። የተልባ እግር በዕብራይስጥ ፒሽታን ይባላል።

ቀጥሎ ለማን እንደምትሠሩ ወስኑ። ለልጅ 80 በ100 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ለሽማግሌ ጉልበት 100 በ120 ቢሆን መልካም ነው። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን፣ በሚተኛበት አልጋ ውስጥ ልቅ ብርድ ልብስ እንዳይደረግ የጤና ባለሙያዎች ያስጠነቅቃሉ፤ ፊቱን ሸፍኖ ሊያፍነው ይችላልና። ስለ ሕፃን አስተኛኘት የጢፓት ሐላቭ ነርስ ጠይቁ።

ለጀማሪ የሚሻለው ብርድ ልብሱን በአንድ ጊዜ ከመሥራት፣ ጎኑ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ቁራጭ እየሠሩ ማጠራቀም ነው። ለልጁ በወርዱ 4፣ በቁመቱ 5፣ በድምሩ 20 ቁራጭ ያስፈልጋል። ቁራጩ በቦርሳ ይያዛል፤ ለኡልፓን ዕረፍትም ሆነ ለሐኪም ቤት ወረፋ ይመቻል። አንዱ ቢበላሽም የሚፈታው አንዱ ብቻ ነው።

መጀመሪያ አንድ ጥቅል መካከለኛ ውፍረት ያለው ክርና 5 ሚሊ ሜትር ማስሬጋ ግዙ። በማስሬጋው ላይ የሚቀመጠውን የክር ቀለበት በዕብራይስጥ ዓይን ይሉታል፤ እኛም ዓይን እንበለው። 34 ዓይን አውጡና ጥቂት ሥሩ፤ ከዚያ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ስንት ዓይን እንዳለ ቁጠሩ። 17 ከሆነ 34ቱ ልክ 20 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። እጃችሁ ጠበቅ የሚያደርግ ሆኖ 20 ዓይን ከተገኘ ግን 40 ያስፈልጋችኋል። ይህን ሳትለኩ በ34 ብትቀጥሉ እያንዳንዱ ቁራጭ 17 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ያን ጊዜ 80 በ100 ያላችሁት ብርድ ልብስ 68 በ85 ሆኖ ይቀራል፤ የልጁ እግር ከውጭ ያድራል።

አሠራሩ አንድ ዓይነት ብቻ ነው። የቀኙን ማስሬጋ በግራው ላይ ባለው የመጀመሪያ ዓይን ከፊት ወደ ኋላ አስገቡ። ክሩን በጫፉ ላይ ጠምጥሙ። በዓይኑ ውስጥ ጎትታችሁ አውጡና አሮጌውን ዓይን ከግራው ልቀቁ። ረድፉ ሲያልቅ አዙራችሁ ያንኑ ድገሙ። በየጥቂቱ ረድፍ ዓይኖቹን ቁጠሩ፤ 33 ከሆነ አንዱ አምልጧልና በኪሮሽ አንሡት። ቁራጩን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ስታጥፉት ጎኖቹ ከገጠሙ ልኩ ደርሷል። ያን ጊዜ ሁለት ዓይን ሠርታችሁ የኋለኛውን በፊተኛው ውስጥ እያሳለፋችሁ ላላ አድርጋችሁ ዝጉ።

የመጀመሪያውን ቁራጭ እጠቡት፣ አድርቁት፣ እንደገና ለኩት። ከዚያ አንዱ ጥቅል ስንት ቁራጭ እንደሚሰጥ እዩ። አራት ከሰጠ ለ20 ቁራጭ አምስት ጥቅል፣ ለመስፊያ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ይበቃል። አንድ ቀለም ብቻ ከፈለጋችሁ በወረቀቱ ላይ ያለው የማቅለሚያ ቁጥር አንድ መሆኑን እዩ፤ ቁጥሩ ከተለያየ ቀለሙ ሊለያይ ይችላል። በየጊዜው ጥቂት የምትገዙ ከሆነ ግን ከመጀመሪያው ሁለት ሦስት ቀለም አቀላቅሉ፤ ልዩነቱ አይታወቅም። ቁራጮቹን በዚያው ክር ጎን ለጎን ስፉ።

ጊዜውንም አስሉት። ለአንድ ቁራጭ ሁለት ምሽት ብትሰጡ 20ው በ40 ምሽት ያልቃል። ከሱኮት በዓል በኋላ የጀመረ ሰው ሰንበቱን አርፎ ለሐኑካ ገደማ ይጨርሳል።

በመጨረሻ፣ ይህን ሥራ ብቻችሁን አትያዙት። አሽዶድ በ1956 ከተመሠረተች ጀምሮ ከሞሮኮ፣ ከጆርጂያ፣ ከሩሲያና ከሌላም አገር በመጡ ሰዎች የተሞላች ከተማ ናት። ሹራብ የምትሠራ ጎረቤት ካለች ማስሬጋውን ይዛችሁ አጠገቧ ተቀመጡ። ክሩን በግራ እጅ የሚይዙም፣ በቀኝ የሚይዙም አሉ፤ ሁለቱም ልክ ነው። ዕብራይስጥ ያልሞላለት ሰው እንኳ በእጅ እያሳየ ይማራል፣ ያስተምራል።

በቤትም እንዲሁ ነው። ልጆች ቋንቋውን ቶሎ ይይዙታል፤ እናቶችና አያቶች ግን በገዛ ቤታቸው ዝም ወደ ማለት ይደርሳሉ። ልጁ ወረቀቱን ያንብብ፣ ቁጥሩን ያስላ፤ አያቱ ደግሞ ክር እንዴት እንደሚያዝ፣ የተቋጠረው እንዴት እንደሚፈታ ታሳየው። እንዝርት ያሾሩ ጣቶች ይህን ለመልመድ ብዙ ቀን አይፈጅባቸውም። ልጁም አያቱ የምታውቀው ነገር እንዳለ በዓይኑ ያያል።

አባቶቻችን “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” ይላሉ። ለዛሬ በዚህ ይብቃን። ክረምቱን በሙቀትና በጤና ያሳልፈን። ሰላም ሁኑ።