መጽሐፉ አለ፤ ተፈልጎ ግን አይገኝም

ሴት አቅራቢ፦ ልጅ «የቤተ መጻሕፍትና ኢንፎርሜሽን ሳይንስ ደረሰኝ» ሲል ቤተሰቡ ቅር ይለዋል። «መጽሐፍ ለመደርደር ነው እንዴ ይህን ያህል የለፋኸው?» ይሉታል።

ወንድ አቅራቢ፦ ሥራውን ቀርበው ስላላዩት ነው። እስቲ ልጠይቅሽ፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በደራሲው ስም ብትፈልጊ ምን ብለሽ ትጀምሪያለሽ?

ሴት አቅራቢ፦ «ሀዲስ» ብዬ ነዋ!

ወንድ አቅራቢ፦ የፈረንጅን ደንብ ብቻ የሚያውቅ ሰው ግን «ዓለማየሁ» ብሎ ይመዘግበዋል። ልጁ የጻፈውን ለአባቱ ሰጠው ማለት ነው።

ሴት አቅራቢ፦ ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ ይብሳል። «ፀጋዬ»ም «ጸጋዬ»ም ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን ሁለት። ተማሪው አንዱን ጽፎ ሲያጣ የለም ብሎ ይሄዳል፤ መጽሐፉ እዚያው መደርደሪያው ላይ እያለ! እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ወንድ አቅራቢ፦ ባለሙያ ካለ አጻጻፎቹን በአንድ መዝገብ ያስተሳስራቸዋል፤ በየትኛውም ቢፈለግ ይገኛል። ለመጻሕፍት በይዘታቸው ቁጥር በሚሰጠው የዲዊ አመዳደብ ደግሞ የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ላይ ነው፤ ይህን ቁጥር የያዘ አንባቢ ሌላም አገር ዲዊን የሚጠቀም ቤተ መጻሕፍት ቢሄድ አይጠፋም።

ሴት አቅራቢ፦ ትምህርቱም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዩኔስኮና በካናዳው የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ የአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤትን የከፈተው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው።

ወንድ አቅራቢ፦ የሆስፒታል ካርድ ክፍልም፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤትም፣ የባንክ ሰነድ ክፍልም ይህን ሙያ ይፈልጋል።

ሴት አቅራቢ፦ ወላጆች፣ ልጃችሁ ይህን መስክ ከመረጠ አበረታቱት። የትምህርት ቤት ኃላፊዎችም፣ እባካችሁ ቤተ መጻሕፍታችሁን ሙያውን ለተማረ ሰው ስጡ።