ብርሃን የቀሰቀሰውን ሞለኪውል በስሌት ስለ መከተል፤ ወጣቱ ተመራማሪ እንዴት ይሠልጥን?

(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንናገርበት የተነሣነው ጉዳይ ስሙ ረዥም ነው፤ ነገሩ ግን በእያንዳንዳችን ዐይን ውስጥ ያለ ነው። አሁን እኛን የምታዩን፣ በዐይናችሁ በስተኋላ ባለው ስስ ሽፋን ላይ ሬቲናል የተባለ ትንሽ ሞለኪውል ብርሃን ሲነካው ተጠማዝዞ ቅርፁን ስለሚለውጥ ነው። ይህ መጠማዘዝ የሚፈጸመው በ200 ፌምቶሰከንድ ያህል ጊዜ ነው። አንድ ፌምቶሰከንድ ማለት ሰከንድ ለሚሊዮን ተከፍሎ፣ ያችው ክፋይ ደግሞ እንደገና ለቢሊዮን ስትከፈል የምትገኘው ናት። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ እናሳስባለን።)

እንዲህ ያለውን ፍጥነት በሌዘር ጨረር ለመለካት መንገድ የከፈተው፣ በግብፅ በደማንሁር የተወለደውና በእስክንድርያ ዩኒቨርሲቲ የተማረው አሕመድ ዘወይል ነው፤ ስለዚህም ሥራው በ1999 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ያው የዓባይን ውሃ የጠጣ ሰው ነውና እንደ ጎረቤት ልንኮራበት ይገባል። ይሁን እንጂ ሌዘሩ ነገሩ መቼ እንደ ተፈጸመ በደንብ ሲነግረን፣ እያንዳንዱ አቶም በየት በኩል እንደ ሄደ ለማወቅ አብዛኛውን ጊዜ ስሌት ያስፈልጋል። አሪየ ዋርሼል የዚህኑ የሬቲናልን መጠማዘዝ በ1976 በኮምፒዩተር አስልቶ አሳይቷል። የዚያን ዘመን ኮምፒዩተር ዛሬ በየኪሳችን ከያዝነው ስልክ እጅግ የደከመ እንደ ነበረ ማስታወስ ለኋላው ነገራችን ይጠቅመናል።

አሁን ወደ ችግሩ እንግባ። ቦርንና ኦፔንሃይመር በ1927 ያወጡትን ደንብ ኬሚስትሪ የሚማር ሁሉ ያውቀዋል። ከአቶም ኒውክሊየሶች ሁሉ ቀላል የሆነው የሃይድሮጅኑ እንኳ ከኤሌክትሮን 1836 ጊዜ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ ኒውክሊየሶቹ እንደ በሬ ቀስ ብለው ሲራመዱ፣ ኤሌክትሮኖቹ እንደ ዝንብ በየቅጽበቱ ቦታቸውን እያስተካከሉ ይከተሏቸዋል እንላለን፤ ሁለቱንም ለየብቻ እናሰላለን። ለተረጋጋ ሞለኪውል ይህ ደንብ በጣም ጥሩ ነው። ብርሃን የቀሰቀሰው ሞለኪውል ግን ሁለት የኃይል ደረጃዎች ተቀራርበው ወደሚነካኩበት ስፍራ ይደርሳል። እዚያ ሲደርስ ደንቡ ይፈርሳል። ሞለኪውሉም ከላይኛው ደረጃ ወደ ታችኛው የሚወርደው በዚሁ ስፍራ ነው። የዘር ውርሳችንን የያዘው የዲ.ኤን.ኤ. ክፍል አልትራቫዮሌት ሲመታው አብዛኛውን ጊዜ ሳይጎዳ የሚያመልጠው በዚህ ዓይነት ቦታ አልፎ፣ አንድ ፒኮሰከንድ ገደማ በሚሆን ጊዜ ውስጥ ወደ ዕረፍቱ ስለሚመለስ ነው። የደጋ ፀሐይ ለምትመታን ለእኛ ይህ እንደ ባዕድ ወሬ የሚታይ አይደለም።

ጆን ተሊ የተባለው ሊቅ በ1990 ባሳተመው ጽሑፍ አንድ ዘዴ አቀረበ። ኒውክሊየሶቹ በአንዱ ደረጃ ላይ ይጓዛሉ፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ዕጣ ይጣላል፤ ዕጣው ከወጣ ወደ ሌላው ደረጃ ይዘላሉ፤ ካልወጣ በዚያው ይቀጥላሉ። ዕጣው የሚወጣበት መጠን ከኤሌክትሮኖቹ ስሌት የሚመጣ ነው እንጂ በዘፈቀደ አይደለም። ነገሩ ዕጣ ነውና አንድ ጉዞ ብቻውን ምንም አይናገርም፤ መቶም ሁለት መቶም ጉዞ ተሠርቶ በአንድነት ይነበባል።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ይህን ሥራ ለወጣቱ እንዴት እናስተምረው?

በየቦታው የምናየው ልማድ እንደሚከተለው ነው። አዲሱ ተማሪ ከቀድሞው ተማሪ አንድ ፋይል ይቀበላል፤ የሞለኪውሉን ስም ይለውጣል፤ ፕሮግራሙን ያስነሣል፤ ሥዕል ይወጣለታል፤ ሥዕሉም ያማረ ነው። እኛ ይህን ሥልጠና ብለን ለመጥራት አንደፍርም። ምክንያቱን በምሳሌ እናስረዳ። ጊዜን የሚከተለው የዴንሲቲ ፈንክሽናል ስሌት ፈጣንና ተወዳጅ ነው፤ ለብዙ ጉዳይም ይበጃል። ነገር ግን በተለመደው አኳኋኑ ሲሠራበት፣ የተቀሰቀሰው ደረጃ ከዝቅተኛው ደረጃ ጋር በሚነካካበት በዚያው ስፍራ ቅርፁን አሳስቶ ያሳያል። ማለት ስሌቱ የሚስተው በጣም በምንፈልገው ቦታ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ግን ቁጥር መስጠቱን አይተውም። ይህን የማያውቅ ተማሪ የሐሰት ውጤት ይዞ የመመረቂያ ጽሑፉን ይጽፋል፤ ፈታኙም ካላወቀ ማዕረግ ይሰጠዋል!

እኛ የምናቀርበው ሐሳብ፣ ማንም ወጣት ትልቁን ፕሮግራም ከመንካቱ በፊት ትንሹን በገዛ እጁ ይጻፍ የሚል ነው። ተሊ በዚያው ጽሑፉ ሦስት ምሳሌዎችን ሰጥቷል። በእያንዳንዱ አንድ ቅንጣት በአንድ መሥመር ላይ ትሄዳለች፤ ያሉትም ሁለት ደረጃዎች ብቻ ናቸው። ይህን ለመጻፍ ሁለት መቶ መሥመር ያህል ትእዛዝ ይበቃል፤ በተራ ላፕቶፕ ላይም ይሄዳል። ተማሪው ጠቅላላው ኃይል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይለወጥ መቆየቱን በየጉዞው ይመርምር፤ ከተለወጠ የት ላይ እንደ ተለወጠ ይፈልግ። ከሦስቱ ምሳሌዎች በመጨረሻው ዘዴው ራሱ ከትክክለኛው መልስ ሲርቅ በዐይኑ ያያል፤ ምክንያቱም ሁለቱ ደረጃዎች ከተለያዩ በኋላም ስሌቱ እንዳልተለያዩ ይቈጥራቸዋል። የዘዴውን ድካም ያየ ሰው በኋላ ባማረ ሥዕል በቀላሉ አይታለልም።

«ኮምፒዩተር የለንም» የሚለውን አቤቱታ ሁልጊዜ እንሰማለን። እውነት አለበት፤ ግን እስቲ እናስላው። ኒውክሊየሶቹን በግማሽ ፌምቶሰከንድ ብናራምድ፣ ለአንድ ፒኮሰከንድ 2,000 እርምጃ ይሆናል። መቶ ጉዞ ብንል 200,000 ስሌት። አንዱ ስሌት አንድ ደቂቃ ቢወስድ፣ በአንድ ኮምፒዩተር 139 ቀን ያህል ነው። ይህ ያስፈራል። ነገር ግን ጉዞዎቹ አንዱ ሌላውን አይጠብቅምና ሥራው ለደቦ የተመቸ ነው። ሃያ ኮምፒዩተሮች አምስት አምስት ጉዞ ቢይዙ በሰባት ቀን ያልቃል። በእኛው ሕንፃ ሌሊቱን ተዘግተው የሚያድሩት ኮምፒዩተሮች ከሃያ አያንሱም። መብራት ቢጠፋስ? ፕሮግራሙ በየጥቂቱ እርምጃ የደረሰበትን እየመዘገበ ከሄደ፣ መብራት ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ይህንንም ልማድ ማስተማር ከሥልጠናው ክፍል አንዱ ነው። ኒውተን-ኤክስንና ሻርክን የመሰሉት ፕሮግራሞች ደግሞ በነጻ የሚገኙ ናቸው። ስለዚህ ከማሽኑ ይልቅ የሚጎድለን ጠያቂ ሰው ነው።

በ2010 በኬፕ ታውን የተጀመረው፣ ከአገር ወደ አገር የሚዞረው የአፍሪካ የኤሌክትሮን መዋቅር ስሌት ትምህርት ቤት በ2018 አዲስ አበባ ላይ ተካሂዷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም እንዲህ ያለው ትምህርት ቤት በሁለት ሳምንት በር ይከፍታል እንጂ ተመራማሪ አያወጣም፤ መሠረቱም በአብዛኛው ስለ ተረጋጋው የቁስ ሁኔታ ነው። ብርሃን የቀሰቀሰውን ለመከተል በየሳምንቱ ተቀምጦ የሚነጋገር ቡድን ያስፈልጋል።

ስለዚህ መምህሮቻችንን የምንለምነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የኮምፒዩተሩ ክፍል ከቅዳሜ ማታ እስከ ሰኞ ጧት ለደቦው ይፈቀድልን። ሁለተኛ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ተቀምጣችሁ የወደቀውን ስሌታችንን ከእኛ ጋር ተመልከቱ፤ የተሳካውን እኛው እንጨርሰዋለን። ከወንድሞቻችንና ከእኅቶቻችን መካከል መሳተፍ የሚፈልጉ የመጀመሪያውን መልመጃ ከኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ይውሰዱ። ሁለት ገጽ ነው፤ የሚጠይቀውም የሁለተኛ ዓመት ሒሳብና ትዕግሥት ብቻ ነው።