የፒንክ ፍሎይድ ስም የማን ነው? ስለ ሮጀር ዎተርስ ሸክላዎችና ስለ ቀድሞ ማኅበሩ



የሮክ ሙዚቃን የሚያፈቅሩ ሰዎች ከአርባ ዓመት ወዲህ ሳይታክቱ የሚከራከሩበት አንድ ነገር አለ። ይኸውም «ፒንክ ፍሎይድ» የተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ባንድ በእውነት የማን ነበረ? የሚለው ነው። አንዱ ወገን «ግጥሙንና ሐሳቡን ያመጣው ሮጀር ዎተርስ ነው፤ እርሱ ከወጣ በኋላ የቀረው ባዶ ስም ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ሰው በሙዚቃው የተማረከው በዴቪድ ጊልሞር ጊታርና ድምፅ ነው፤ ዎተርስ ብቻውን ሲቀር ምን ሠራ?» ብሎ ይመልሳል። ነገሩን እንደ ሥራ ፈት ወሬ የሚቈጥር ሰው አይጠፋም። ነገር ግን በጋራ የተሠራ ሥራ ሲመሰገን ምስጋናው ለማን ይድረስ የሚለው ጥያቄ፣ የጻፈው ማስታወሻ በሌላ ሰው ፊርማ ወጥቶ ላየ የመንግሥት ሠራተኛ እንግዳ አይደለምና፣ ጥቂት ደቂቃ ብንነጋገርበት ጊዜ ማባከን አይመስለኝም። ዘመኑን በአውሮፓ አቈጣጠር እጠራለሁ።

ባንዱ የተመሠረተው በ1965 በሎንዶን ነው። ሮጀር ዎተርስ፣ ኒክ ሜሰንና ሪቻርድ ራይት በሪጀንት ስትሪት ፖሊቴክኒክ የሕንፃ ንድፍ ተማሪዎች ነበሩ፤ አራተኛው ሲድ ባሬት ግን ከኬምብሪጅ ከተማ መጥቶ ሥዕል ይማር ነበረ። ዎተርስ ቤዝ ጊታር፣ ሜሰን ከበሮ፣ ራይት ኦርጋንና ፒያኖ ይዘው፣ ባሬት ጊታር እየመታ ይዘፍን ነበረ። ስሙንም ያወጣው ባሬት ነው። ፒንክ አንደርሰንና ፍሎይድ ካውንስል ከሚባሉ ሁለት ጥቁር አሜሪካውያን የብሉዝ ዘፋኞች የመጀመሪያ ስማቸውን ወስዶ አጋጠመው። ይኸን ልብ ይበሉልኝ፤ ኋላ ነገረ ፈጆች የተሟገቱበት ስም ከተሟጋቾቹ የአንዳቸውም ፈጠራ አልነበረም።

በ1967 በወጣው በመጀመሪያው ሸክላቸው ከ11ዱ ዘፈኖች 8ቱ የባሬት ብቻ ድርሰቶች ሲሆኑ፣ የዎተርስ አንድ ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ «ፒንክ ፍሎይድ ማነው?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ባሬት እንደ ነበረ የሚጠራጠር የለም። ዳሩ ግን ወጣቱ አእምሮን በሚያናውጥ ዕፅና በሕመም ምክንያት ሥራውን መሥራት ተሳነው። በ1968 መግቢያ ላይ የኬምብሪጅ ወዳጁን ዴቪድ ጊልሞርን አምስተኛ አድርገው አስገቡ፤ ጥቂት ቈይተውም፣ ወደ ሳውዝሃምፕተን ለመጫወት በሚሄዱበት ቀን፣ መኪናይቱ በባሬት ቤት በኩል ሳታልፍ ቀረች። ስም አውጪው ከማኅበሩ የተለየው በዚህ ዐይነት ነው። ከዚያ በኋላ በኬምብሪጅ በጸጥታ ኖሮ በ2006 በ60 ዓመቱ ዐረፈ። ዛሬ ለዎተርስ ወይም ለጊልሞር ወገን የሚቈሙ ተከራካሪዎች ሁሉ ይኸን የመጀመሪያውን ስንብት በአጭሩ ያልፉታል፤ ለማናቸውም ክርክር አይመችምና።

በ1973 የወጣው «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» የተባለው ሸክላ ታላቁ ሥራቸው ነው። በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ እስከ 1988 ድረስ 741 ሳምንት ቈየ። ግጥሙ በሙሉ የዎተርስ ነው። ዜማው ግን የአራቱም እጅ አለበት፤ ስለ ጊዜ የሚናገረው ዘፈን የአራቱም ስም የተጻፈበት ሲሆን፣ ቃል የሌለበት ስለ ሞት የሚያለቅሰው ክፍል የራይት ፒያኖ ነው። በዚያ ክፍል ላይ ክሌር ቶሪ የምትባል ዘፋኝ ያለ አንድ ቃል በድምፅዋ ብቻ የሰማውን ሁሉ የሚያባባ ዜማ አወጣች። ለዚያ ቀን ሥራዋ የተከፈላት 30 ፓውንድ ነበረ። በ2004 ከሳ፣ በ2005 በስምምነት ተጨርሶ፣ ከዚያ ወዲህ ስሟ ከራይት ስም ጐን እንደ ደራሲ ይታተማል። ስለዚህ «ሥራው የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ በሁለቱ ታላላቆች መካከል ብቻ የቀረ አይደለም።

ከዚህ በኋላ የዎተርስ ድርሻ እየገነነ ሄደ። በ1977 በወጣው «አኒማልስ» ላይ አንድ ነገር ተፈጠረ፤ የሒሳብ ክፍል ሠራተኞች ይወዱታል ብዬ እገምታለሁ። የሸክላውን አንዱን ገጽ ለመሙላት ጥቂት የቀረው፣ 17 ደቂቃ የሚፈጀው «ዶግስ» የተባለው ዘፈን በአብዛኛው የጊልሞር ዜማ ነው። ዎተርስ ደግሞ አንዲት አጭር ዘፈን ለሁለት ከፍሎ አንዷን በመጀመሪያ፣ ሌላዋን በመጨረሻ አስቀመጠ። የደራሲነት ገንዘብ የሚከፋፈለው በደቂቃ ሳይሆን በዘፈን ቍጥር ስለ ነበረ፣ ለአጭሩ ብዙ፣ ለረዥሙ ጥቂት ደረሰ። ከዚህም ቅሬታ ተወለደ። የጥበብ ሰዎች ጠብ ሁሉ ስለ ጥበብ ነው ብሎ የሚያምን ካለ ይኸን ያስብ።

በዚያው ዓመት በሞንትሪያል ከተማ ዎተርስ በሚጮኽ ተመልካች ፊት ላይ ተፋ። በገዛ ሥራው ደንግጦ በእርሱና በሕዝቡ መካከል ግንብ የቆመ መሆኑን አሰበ፤ ከዚህም ሐሳብ በ1979 «ዘ ዎል» ማለት «ግንቡ» ወጣ። ታሪኩ አባቱ በጦርነት የሞተበት ልጅ ታሪክ ነው። የዎተርስም አባት በ1944 በኢጣልያ አገር በአንዚዮ ጦርነት ሲሞት ልጁ ገና የአምስት ወር ሕፃን ነበረ። ሐሳቡም ግጥሙም በአብዛኛው ዜማውም የዎተርስ ነው፤ ይኸን የጊልሞር ወገን ሊክድ አይችልም። ሆኖም ከዚያ ሸክላ ሰው ሁሉ የሚያውቀው «ኮምፈርታብሊ ነምብ» ዜማው የጊልሞር፣ ግጥሙ የዎተርስ ነው። ሁለቱ በቀረጻው ተጣልተው፣ አንዱ የኦርኬስትራውን፣ ሌላው ጠንካራውን ቅጂ መርጦ፣ በመጨረሻ ከሁለቱም እየቈረጡ አገናኙት። እኔ እንደሚመስለኝ የዚህ ሁሉ ክርክር መልስ በዚያች በተገጣጠመች ዘፈን ውስጥ ይገኛል፤ ተከራካሪዎቹ ግን እርሷንም ለሁለት ለመክፈል ይሞክራሉ፤ እገሌ ግጥሙን፣ እገሌ ጊታሩን ይላሉ።

በዚሁ ሸክላ ጊዜ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ራይት ከማኅበርተኝነት እንዲወጣ ተገደደ። ነገር ግን በ1980 እና በ1981 «ግንቡ» በመድረክ ሲታይ በደመወዝ ተቀጥሮ ተጫወተ። ትርኢቱ እውነተኛ ግንብ የሚያህል ነገር በየምሽቱ የሚገነባበትና የሚፈርስበት ስለ ነበረ ወጪው ከገቢው በለጠ። ኪሳራውን የተሸከሙት ሦስቱ ባለቤቶች ሆኑ፤ ትርፍ ያገኘው ባለደመወዙ ራይት ብቻ ነው። ደመወዝ ትንሽ ነው እያሉ ለሚያማርሩ ወዳጆቻችን ይኸን ታሪክ ማንሳት አይከፋም።

በ1983 «ዘ ፋይናል ከት» ወጣ። በሽፋኑ ላይ የተጻፈው፣ የሮጀር ዎተርስ ድርሰት ሆኖ በፒንክ ፍሎይድ የተጫወቱት ነው የሚል ነው። ያኔ ነገሩ ማለቁን ማንም ሊያነብ ይችል ነበረ። ስለ አባቱና ስለ ፎክላንድ ጦርነት የተጻፈው ግጥም ከልብ የመነጨ ነው፤ ሙዚቃው ግን እንደ ደከመው ሰው ድምፅ ይጐተታል። በታኅሣሥ 1985 ዎተርስ መውጣቱን አስታወቀ። ኃይሉ ያለቀ ማኅበር ነው፣ ስሙም አብሮ መቀበር አለበት ብሎ በ1986 ወደ ሎንዶን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሄደ። እርሱ የመሰለው አለቃው ሲነሣ መሥሪያ ቤቱ የሚዘጋ ነው። ጊልሞርና ሜሰን ግን ማኅተሙ ከመሥሪያ ቤቱ አይወጣም አሉ።

በ1987 መጨረሻ፣ በቴምስ ወንዝ ላይ በምትኖረው በጊልሞር ጀልባ «አስቶሪያ» ላይ ተሰብስበው ጉዳዩን በስምምነት ጨረሱ። ስሙ ለጊልሞርና ለሜሰን ቀረ፤ «ግንቡ» ለዎተርስ ሆነ። ሕጉ በዚህ አበቃ፤ የአፍቃሪዎቹ ክርክር ግን ያን ጊዜ ተጀመረ። ምክንያቱም በዚያው ዓመት ሁለት ሸክላዎች ወጥተው ነበረ። ዎተርስ «ሬዲዮ ኬኦስ» የሚባለውን፣ የቀሩት ደግሞ «ኤ ሞመንተሪ ላፕስ ኦፍ ሪዝን» የሚባለውን አወጡ። በዚያው ወራትም ሁለቱም በአሜሪካ እየተዘዋወሩ ሲያሳዩ ፒንክ ፍሎይድ ስታዲዮም ሲሞላ፣ አብዛኛውን ግጥም የጻፈው ሰው በአነስተኛ አዳራሽ ይዘፍን ነበረ።

በእውነቱ በዚያ ዓመት የሁለቱም ሸክላ ጐደሎ ነው። የዎተርስ ሥራ በዘመኑ የመሣሪያ ጩኸት ታፍኖአል። የጊልሞር ደግሞ ያማረ ድምፅ ሆኖ የሚናገረው ጥቂት ነው፤ ራይት እንኳ በሕግ አባል ሳይሆን ተቀጣሪ ሆኖ የገባበት፣ ከበሮውንም በአብዛኛው ሌሎች የመቱበት ነው። በ2019 ሜሰን ከበሮውን እንደገና መትቶ፣ የራይትም እጅ ተጨምሮበት ታድሶ ወጥቶአል። ከ32 ዓመት በኋላ የተደረገ እርማት ነው።

ስለ ዎተርስ የብቻ ሥራዎች ሲነሣ ዐይን ሊያርፍበት የሚገባው በ1992 የወጣው «አሚዩዝድ ቱ ዴዝ» ነው። ርእሱ ከአሜሪካዊው ኒል ፖስትማን መጽሐፍ የተወሰደ ሲሆን፣ በሽፋኑ ላይ አንድ ጦጣ ቴሌቪዥን ሲመለከት ይታያል። ጦርነት በየሳሎኑ እንደ ኳስ ጨዋታ መታየቱን ይነቅፋል። የጄፍ ቤክ ጊታር ከግጥሙ ጋር ይነጋገራል እንጂ አያጅበውም። ሸክላው የሚከፈተው በአንድ እውነተኛ ሽማግሌ ድምፅ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የነበረ ሰው፣ የቈሰለ ጓደኛውን ከጦር ሜዳው ተሸክሞ ሲሄድ በመጨረሻ ትቶት ለመሄድ የተገደደ መሆኑን ይናገራል። ከሰዓት ያህል በኋላ፣ በመዝጊያው ላይ፣ ያው ሽማግሌ ተመልሶ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ የዚያን ጓደኛውን ስም በአራስ ከተማ በመታሰቢያ ድንጋይ ላይ ተቀርጾ ማግኘቱንና ልቡ እንዴት እንደ ቀለለለት ይተርካል። ይኸን ሰምቶ «ዎተርስ ያለ ጊልሞር ምንም አይደለም» የሚል ሰው ካለ ጆሮውን እጠራጠራለሁ። ዳሩ ግን የሚቀጥለውን የሮክ ሸክላ ለመስማት እስከ 2017 ድረስ 25 ዓመት ጠበቅን፤ ይህም የጊልሞርን ወገን ትንሽ ያስቃል።

ለጊልሞርም ፍርድ መስጠት ይገባል። በ1994 የወጣው «ዘ ዲቪዥን ቤል» ራይት ወደ ደራሲነቱ የተመለሰበት የተረጋጋ ሥራ ነው። ግጥሙን በብዛት የረዳችው ግን ኋላ ሚስቱ የሆነችው ደራሲት ፖሊ ሳምሰን ናት። ይኸን የዎተርስ ወገን እንደ ነውር ያነሣል። ግጥም መጻፍ የማይችል ሰው ግጥም የሚችልን መፈለጉ ነውሩ ምኑ ላይ እንደ ሆነ አልታየኝም።

ይህ ታሪክ እኛንም በአንድ በኩል ይነካናል። በእኛ አቈጣጠር በ1977 በአገራችን ለደረሰው ረኀብ ርዳታ በሐምሌ 1985 በሎንዶንና በፊላደልፊያ «ላይቭ ኤድ» የተባለው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ሲደረግ፣ ጊልሞር ብራያን ፌሪን በጊታር አጅቦ ተጫውቶአል። ፒንክ ፍሎይድ ግን በባንድነት አልታየም፤ የተሰባበረበት ዓመት ነበረ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 2005፣ ያንኑ ዝግጅት ያሰናዳው ቦብ ጌልዶፍ፣ እርሱም በ1982 በ«ግንቡ» ፊልም ዋናውን ሰው ሆኖ የተጫወተው፣ በሎንዶን ሃይድ ፓርክ «ላይቭ ኤይት» ሲያደርግ አራቱን አስታረቀ። ዎተርስ፣ ጊልሞር፣ ሜሰንና ራይት ከ24 ዓመት በኋላ በአንድ መድረክ ቆሙ። ከዚያ በኋላ የሸክላዎቻቸው ሽያጭ ቢጨምር፣ ጊልሞር ከዚያ የሚያገኘውን ትርፍ ለበጎ አድራጎት እንደሚሰጥ አስታወቀ። ራይት በ2008 ስላረፈ አራቱ እንደገና አልተገናኙም።

ዎተርስ ራሱ በ2013 ክሱ ስሕተት መሆኑን ለቢ.ቢ.ሲ. ተናግሮአል። ሆኖም እርቁ አልጸናም፤ ባለፉት ዓመታት በፖለቲካ ነገር ከጊልሞርና ከሚስቱ ጋር በግልጽ ተዘላልፈዋል። በ2023 ደግሞ ዎተርስ በ80 ዓመቱ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን»ን ያለ ጓደኞቹ እንደገና ቀርጾ አወጣው። የጊልሞር ጊታር በሚያለቅስበት ቦታ ላይ የሽማግሌ ድምፅ ተረት ይናገራል። አፍቃሪዎቹ ግማሾቹ ተቈጡ፣ ግማሾቹ አደነቁ። እኔ እንደ ማብራሪያ ጽሑፍ አድርጌ ሰማሁት፤ ዋናውን ሰነድ የሚተካ አይደለም። በ2024 ሶኒ የተባለው ኩባንያ የባንዱን የቀረጻ ሥራዎችና ስሙን ጭምር፣ እንደ ተዘገበው 400 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሰጥቶ ገዛ። ስለዚህ ጥያቄው በሕግ ዐይን ከታየ ዛሬ ባለስሙ ዎተርስም ጊልሞርም አይደሉም።

ወደ ክርክሩ አዲስ የሚገባ አድማጭ ቢኖር፣ መጀመሪያ የ1973ቱን፣ ቀጥሎ ስለ ባሬት የተዘፈነበትን የ1975ቱን «ዊሽ ዩ ዌር ሂር»፣ ከዚያም የዎተርስን የ1992ቱን ይስማ። ሦስተኛውን በሌሊት፣ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳያቋርጥ ቢሰማው ይሻላል፤ የሽማግሌው ድምፅ መጀመሪያ ላይ በጣም ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ያመልጠዋልና።