ከጡት ኦፕራሲዮን በኋላ ስለሚመጣ የክንድ እብጠት
(በእድሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ዓመት አንዲት እህታችን ከለቅሶ ቤት ሥራ ቀረች ተብላ ተቀጣች። ከፍላ ዝም አለች። እኔ ነርስ ነኝና ቤቷ ሄጄ ሳያት ቀኝ ክንዷ አብጦ የቀሚሷ እጅጌ አልገባ ብሏት ነበር። «በሽታው ተመልሶ መጣብኝ» ብላ ነው የደበቀችው። እንድናገር ፈቅዳልኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጡት በካንሰር ምክንያት ሲወጣ ሐኪሙ በብብት ሥር ያሉትን፣ እኛ ሲያብጡ ንፍፊት የምንላቸውን ዕጢዎችም አብሮ የሚያወጣበት ጊዜ አለ። ከክንድ የሚመለሰው ሊምፍ የሚባል ፈሳሽ የሚያልፈው በእነሱ ነው። መንገዱ ሲጎድል ፈሳሹ ቆዳ ሥር ይጠራቀማል። ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ይጀምራል። መጀመሪያ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል፤ ሲቆይ ግን ይጠጥራል። ካንሰሩ ራሱ ተመልሶም ሊያሳብጥ ስለሚችል፣ ለይቶ የሚነግራት ሐኪም ነው እንጂ ጎረቤት አይደለም።

ዋግምት ግን እባካችሁ! በዚያ ክንድ ላይ ትንሽ ጭረት እንኳ ያመረቅዛል። ከቀላና ከተኮሰ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ነው። እብጠቱን የሚይዘው የሠለጠነ ሰው ከእጅ ወደ ላይ የሚጠመጥመው ፋሻ፣ ልክ ተወስዶ የሚሠራ ጥብቅ እጅጌና እንቅስቃሴ ነው። ጨርሶ ባይጠፋም ይቀንሳል።

እንግዲህ ትልቁን ብረት ድስት ድንገት ብድግ ማድረግ፣ እሳት ዳር ቆሞ ወጥ ማማሰል ለእሷ ምን እንደሆነ አስቡት። መዝገብ መያዝ፣ እንግዳ መቀበል እኮ ትችላለች። የከፈለችው ቅጣት እንዲመለስላት ለእድሩ ዳኛ አመልክቻለሁ፤ ዛሬ ድምፅ እንድትሰጡበት እለምናለሁ።