የልጆቻችንን ጆሮ በንጽሕናና በርኅራኄ ስለ ማስበሳት
(በማክሰኝት በሰፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ትንሽ ይመስላል። የሴት ልጅን ጆሮ መብሳት ከእናቶቻችን የወረስነው ልማድ ነው። ማኅበራችን ይህን ልማድ ተዉ ለማለት አልተነሣም። እንጥል መቁረጥና የወተት ጥርስ መንቀል ጉዳት እንጂ ጥቅም የላቸውምና ፈጽሞ ሊቀሩ ይገባል። ጆሮ መብሳት ግን በንጹሕ እጅና በንጹሕ መርፌ ከተሠራ ልጅን አይጎዳም።

ችግሩ አሠራራችን ላይ ነው። ብዙዎቻችን የተበሳነው ልብስ በሚሰፋበት መርፌ ነው። ክር ይገባበታል፣ ቁስሉ ቅቤ ይቀባል፣ አንዳንዴም አመድ ይነሰነስበታል። በአንድ መርፌ የሦስት ጎረቤት ልጆች የሚበሱበት ጊዜም አለ። ባለፈው ክረምት የአንዲት ጎረቤታችን ልጅ ጆሮ አብጦ፣ መግል ይዞ ሰነበተ። እናትየዋ «ሳምንት ሙሉ ዝም ብዬ ቅቤ ስቀባ ቆየሁ» እያለች ስታለቅስ ሰምተናል። ልጅቱ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ዳነች። ጥፋቱ ግን የእናትየዋ ብቻ አይደለም፤ አይተን ዝም ያልነው የሁላችንም ነው።

ንጹሕ ያልሆነ መርፌ መንጋጋ ቆልፍን ሊያመጣ ይችላል። ለብዙ ልጆች የሚሠራበት መርፌ ደግሞ ኤች አይ ቪንና ሄፓታይተስ ቢ የተባለውን የጉበት በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው ሊያሻግር ይችላል።

ታዲያ መቼ ትበሳ? ብዙዎቻችን ለክርስትናዋ እንዲደርስ እንቸኩላለን። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ነው። መንጋጋ ቆልፍን የሚከላከለው ክትባት የሚሰጠው ግን በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ነው። 14 ሳምንት 98 ቀን ነው። እንግዲህ ከክርስትናዋ እስከ ሦስተኛው ክትባት የሚቀረው 18 ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ሁለት ሳምንት ብንጨምርላት ተጠብቃ ትበሳለች። ሎቲው የትም አይሄድም።

ማን ይብሳት? ነርስ ናት። ነርስ ለአገራችን እንግዳ አይደለችም፤ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ከተከፈተ ጀምሮ የኅብረተሰብ ነርሶችን አሠልጥኖ ወደ ሕዝቡ ልኳል። ጤና ጣቢያው ይህን ሥራ የማይሠራ ቢሆን እንኳ የሚሠራ ነርስ የት እንዳለ እንጠይቅ። ነርሷ እጇን በሳሙና ታጥባ፣ ጓንት አጥልቃ፣ ጆሮውን በአልኮል ትጠርጋለች። ሁለቱ እኩል እንዲሆኑ ምልክት ታደርጋለች። መርፌው አዲስ ይሁን፤ እሽጉም በፊታችን ይከፈት። የሚበሳው ለስላሳው የጆሮ ጫፍ ነው እንጂ ጠንካራው የላይኛው ክፍል አይደለም፤ እዚያ ቁስል ቶሎ አይድንም። ጠባሳው እያበጠ የሚያድግበት ዘመድ ካለን አስቀድመን እንንገራት።

ልጅን ሦስት ሰው ጨምድዶ መያዝ ይቅር። ሕፃኗ በእናቷ ጭን ላይ ጡት እየጠባች ትበሳ። ነፍስ ያወቀችውን «ከረሜላ ልንገዛ ነው» ብለን አናታልላት፤ «ትንሽ ያምማል፣ ቶሎ ያልፋል፣ እኔ እይዝሻለሁ» እንበላት። ዛሬ እምቢ ካለች ሌላ ቀን ይሁን። የተታለለች ልጅ ነገ ለክትባት ስትወሰድም ነርስ ባየች ቁጥር ትሸሻለች።

ከተበሳች በኋላ ጉትቻው ቢያንስ 6 ሳምንት አይውጣ፤ ጆሮውንም አያጥብቅ። ርካሽ የገበያ ብረት ብዙዎችን ያሳክካል፤ የወርቅ ይሻላል። ጠዋትና ማታ እጃችንን ታጥበን፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ትንሽ ጨው ባለው ውኃ በንጹሕ ጥጥ እንጥረግላት። ቅቤም፣ አመድም፣ ቅጠልም አናድርግበት። ጆሮው ቢቀላ፣ ቢያብጥ፣ መግል ቢይዝ ወይም ልጅቱን ቢያተኩሳት፣ ሳናድር ያኑ ዕለት ጤና ጣቢያ እንውሰዳት።

ይህን የሰማችሁ ላልሰሙት ጎረቤቶቻችሁ በቡናው ላይ ንገሩልን። ልጆቻችን ጌጣቸውን በጤና ያድርጉት።



የማኅበሩ የጤና ኮሚቴ