ስለ አካባቢ ልማት ዓላማና ገንዘብ መለዋወጥ፤ ከዋሂል እርከኖች የተወሰደ ምሳሌ

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ባለፈው ክረምት ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ድሬዳዋ ወርጄ ሳለሁ፣ ከአጎቴ ጋራ ወደ ዋሂል ሄጄ ነበር። ዋሂል በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ካሉት የገጠር ቀበሌዎች አንዱ ነው። ማሽላ ይዘራበታል፤ ፍየል ይረባበታል፤ ዝናብ ሲጥል ጎርፍ ይወርድበታል፤ ዝናቡ ሲያልፍ ደግሞ በወንዙ ውስጥ የሚታየው አሸዋ ብቻ ነው። አጎቴ የሄደው ፍየል ሊገዛ ነው፤ እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ የሄድሁት ከከተማው ሙቀት ለመሸሽ ነበር። ሙቀቱ ቀድሞኝ ደርሶ ጠበቀኝ።

የፍየሉ ዋጋ እስኪቆረጥ ድረስ ከአንድ ሽማግሌ ጋራ ከተራራው ግርጌ ጥላ ሥር ተቀምጠን ስንጫወት፣ ሽማግሌው በተራራው ጎን የተደረደሩትን የድንጋይ እርከኖች በበትራቸው እያመለከቱ ስማቸውን ይነግሩኝ ጀመር። «ያ ከላይ ያለው የስንዴው ነው። ከሱ በታች ያለው የዘይቱ። ይኸ የስድስት ብሩ ነው፤ ያኛው የአሥር ብሩ» አሉኝ። መካከሉ ተቦድሶ ድንጋዩ ወደ ማሽላው ማሳ የተንከባለለ አንድ እርከን አየሁና «አባቴ፣ ይኸኛውስ የማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እሱማ የማንም አይደለም፤ ፈርሷል» ብለው መለሱልኝ።

ይህ አነጋገር ከራሴ አልወጣ አለ። ዛሬ ልናገር የተነሣሁትም ስለዚሁ ነው፤ ይኸውም የአካባቢ ልማት ዓላማና ለዓላማው የሚመደበው ገንዘብ በየጊዜው ሲለዋወጥ፣ በፊተኛው ዓላማ የተሠራው ሥራ ባለቤት አጥቶ ስለ መቅረቱ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመጀመር፤ አገራችን የመጀመሪያውን የአምስት ዓመት ዕቅድ የጀመረችው በ1950 ዓ.ም. ገደማ ነው። የዚያ ዕቅድ ዋና ሐሳብ መንገድና መገናኛ፣ እንዲሁም የኤሌክትሪክ ኃይል ነበር። ከ1955 ዓ.ም. የጀመረው ሁለተኛው ዕቅድ ዓይኑን ይልቁንም ወደ ፋብሪካ አዞረ። በ1961 ዓ.ም. የተከተለው ሦስተኛው ደግሞ ገበሬው ተረስቶ ዕድገት እንደማይገኝ ተረድቶ ለእርሻ ሰፋ ያለ ስፍራ ሰጠ። በዚያው ዘመን በስዊድን መንግሥት ርዳታ በአርሲ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ማለት ካዱ፣ ተቋቋመ። ማዳበሪያው፣ የተሻሻለው ዘር፣ ብድሩና መንገዱ በአንድነት ሲመጡ ምርት እንደሚያድግ ካዱ በተግባር አሳየ። ምርቱ ባደገበት ስፍራ ግን ባለርስቱ ትራክተር እያመጣ ጭሰኛውን ማስነሣት ጀመረ። ይህ ራሱን የቻለ ትልቅ ጉዳይ ስለሆነ ለሌላ ቀን ልተወው። እኔ ልጠቅሰው የፈለግሁት የገንዘቡን ነገር ነው። ለአንድ አውራጃ ያን ያህል ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ ለሌላው ሁሉ ከየት ይመጣል? ስለዚህ በ1960ዎቹ መጀመሪያ «ሚኒመም ፓኬጅ» የተባለው ፕሮግራም መጣ፤ ይህም ለብዙ አውራጃዎች ጥቂት ጥቂት ማዳረስ ማለት ነው። የገንዘቡ ልክ ዓላማውን አጠበበው እንጂ ዓላማው የገንዘቡን ልክ አልወሰነም።

ከአብዮቱ በኋላ በ1977 ዓ.ም. የወጣው የአሥር ዓመት መሪ ዕቅድ የመንግሥት እርሻዎችንና የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትን አስቀደመ። በተራራው ላይ ድንጋይ ያስደረደረው ግን ከዚህ ዕቅድ ይልቅ ድርቁና ከድርቁ ጋራ የመጣው የርዳታ እህል ነበር። ገበሬው በስንዴና በዘይት እየተከፈለው እርከን ሠራ፤ ችግኝ ተከለ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ የአገራችን ክፍሎች ያ እርከን ፈረሰ፤ ያ ደን ተጨፈጨፈ። ሕዝቡ የራሱ ንብረት ነው ብሎ አልቆጠረውምና፣ ከፋዩ ሲሄድ ጠባቂውም ሄደ።

አሁን ወደ ስድስት ብሩ እርከን ልምጣ። በ1997 ዓ.ም. የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጀመረ። ምግብ የሚያጥረው ቤተሰብ በየዓመቱ የአስቸኳይ ርዳታ ከሚጠብቅ፣ ለጥቂት ወራት በሕዝብ ሥራ እየተሰማራ እህል ወይም ገንዘብ አስቀድሞ ታውቆ ይከፈለው የሚል ሐሳብ ነበር። የቀኑ ክፍያ መጀመሪያ 6 ብር፣ በ2000 ዓ.ም. 8 ብር፣ ቀጥሎም 10 ብር ሆነ። ክፍያው ያደገው ለገበሬው ታዝኖ ብቻ አይደለም፤ በዚያን ጊዜ የእህል ዋጋ ሽቅብ ሲወጣ ስድስቱ ብር ስድስት ብር መሆኑ ቀርቶ ነው። የፕሮግራሙ ዓላማም እንደ ክፍያው ተለዋወጠ። መጀመሪያ የተባለው ሰው በሬውንና ፍየሉን ሸጦ ከመብላት ይዳን ነበር። ቀጥሎ «መመረቅ» የሚል ቃል መጣ። እኛ የምንመረቀው በዲግሪ ነው፤ የገጠር ገበሬ ግን የሚመረቀው ከርዳታ ነው፤ ፈተናው የማን እንደሚከብድ እናንተው ፍረዱ። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው አምስተኛው ምዕራፍ ደግሞ ድንገተኛ አደጋን መቋቋም የሚለውን ሐሳብ አጎላ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የድሬዳዋ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ከገደለ ወዲህም፣ ከከተማው በላይ ያለ ተራራ ሲለማ ለእህል ብቻ ሳይሆን ለከተማው ደኅንነትም ነው መባል ተጀምሯል። ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው፤ የተደረደረበት ምክንያት ግን በአንድ ሰው ዕድሜ አራት ጊዜ ተለወጠ።

የበጀቱንም ነገር በቁጥር እንመልከት። የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው ክልሉ እንደ ወሰነ የሚያውለው ጥቅል ድጎማ ነው፤ ቀመሩን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። በፊት የሕዝብ ብዛት ከግማሽ በላይ ክብደት ይሰጠው ነበር፤ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ግን የእያንዳንዱ ክልል የወጪ ፍላጎትና ገቢ የመሰብሰብ አቅም ተነጻጽሮ ክፍተቱ ይሰላል። ሁለተኛው በ2004 ዓ.ም. ለምዕተ ዓመቱ የልማት ግቦች ማስፈጸሚያ ተብሎ የተጀመረው ነው። በዚያ ዓመት 15 ቢሊዮን ብር ተመደበ፤ በ2005 ዓ.ም. 20 ቢሊዮን ደረሰ። በ2008 ዓ.ም. ወደ 12 ቢሊዮን ወረደ። ስሙ ወደ ዘላቂ የልማት ግቦች ከተለወጠ በኋላ በ2010 ዓ.ም. 7፣ በ2011 ዓ.ም. 6 ቢሊዮን ሆነ። በ2014 ዓ.ም. እንደገና 12 ቢሊዮን ሲባል፣ የስድስት ዓመቱን የገበያ ውድነት የሚያስብ ሰው በ2008 ዓ.ም. ከነበረው 12 ቢሊዮን ጋራ እኩል ነው አይልም። በነዚሁ ዓመታት ጥቅሉ ድጎማ ማደጉን መካድ አይገባም፤ በ2009 ዓ.ም. 87.8 ቢሊዮን የነበረው በ2011 ዓ.ም. 135.6 ቢሊዮን ሆኗል። ነገር ግን በትልቁ ገንዘብ የጀመረ የውሃ ጉድጓድ ወይም የገጠር መንገድ በትንሹ ገንዘብ ይጠበቅ ሲባል ምን እንደሚሆን ለመገመት ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልግም።

ለዋሂል ደግሞ ሌላ ችግር ተጨምሮበታል። በ1996 ዓ.ም. ቻርተር የተሰጠው አስተዳደር የከተማ አስተዳደር ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ከ341,834 ነዋሪዎች 108,610ዎቹ በገጠር ይኖሩ ነበር፤ ይህ ከሦስት ሰው አንድ ያህል ማለት ነው። የከተማው ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታልና የቧንቧ ውሃ ከገጠሩ ጋራ ተደምሮ አማካይ ሲወጣ፣ በአማካዩ ውስጥ ዋሂል አይታይም። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በከተማው ነፃ የንግድ ቀጣና ተከፍቷል፤ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ ወንድሞቼም ሥራ ያገኙበት ይሆናል። እርከን የሚጠግን ግን ነፃ የንግድ ቀጣና የለም።

ይህ የኛ ብቻ ጉድ እንዳይመስለን። ኢጣሊያኖች ደቡብ አገራቸውን ለማልማት በ1942 ዓ.ም. አንድ ታላቅ የልማት ገንዘብ ቤት አቋቁመው ነበር፤ ስሙ «ካሳ» ይባላል፤ በነሱ ቋንቋ የገንዘብ ሣጥን ማለት ነው፤ በኛ ቋንቋ ግን ለደቡቡ ሰው የተከፈለ ካሣ ይመስላል። እርሱም መሬት በማልማትና መንገድ በመሥራት ጀምሮ፣ ሰባት ዓመት ያህል ቆይቶ ወደ ፋብሪካ ዞረና በ1976 ዓ.ም. ተዘጋ። ልዩነቱ የነሱ ገንዘብ በአብዛኛው ከራሳቸው ግምጃ ቤት መውጣቱ ነው። የኛ ሴፍቲኔት ግን አብዛኛው ከለጋሾች ነው፤ ከዋነኞቹም አንዱ የነበረው የአሜሪካ የርዳታ ድርጅት በ2017 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ተዘግቷል። ለዋሂሉ ሽማግሌ ይህ የውጭ ፖለቲካ ወሬ አይደለም።

ታዲያ ዓላማ ጨርሶ አይለወጥ እላለሁን? አልልም። ድርቅ ሲመጣና ጎርፍ ሲመጣ፣ ከተማም ሲያድግ ዓላማ መለወጥ አለበት። እኔ የምከራከረው ስለ አንድ ነገር ነው። አዲስ እርከን የሚሠራው በካፒታል በጀትና በፕሮጀክት ነው፤ ጥገናው ግን ለመደበኛ በጀት ይቀራል፤ መደበኛውም በደመወዝ ያልቃል። በሪፖርትም የሚያምረው በዚህ ዓመት ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ተሠራ የሚለው ነው፤ ይህን ያህል ሳይፈርስ ቀረ ተብሎ ሲነበብ ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ ማንኛውም አዲስ ዕቅድ ሲወጣ የፊተኛውን ዕቅድ ሥራ በዝርዝር ቆጥሮ ይረከብ፤ ለጥገናውም ከአዲሱ ገንዘብ ላይ አስቀድሞ ይቀነስለት እላለሁ። በዕቅድ ዝግጅት የሚሠሩ ምሩቃን ከመካከላችን ይወጣሉና ነገሩ ለኛም ሩቅ አይደለም።

ያን የፈረሰ እርከን በእርምጃ ለክቼው ነበር፤ ስምንት እርምጃ ነው። ሽማግሌውን ስንት ሰው ይፈልጋል ብላቸው «አራት ሰው፣ ሁለት ቀን» አሉኝ። እስከዚያው አጎቴ ፍየሉን ገዝቶ ስለ ነበር ተሰናብተናቸው ተነሣን። ጥያቄ ያለው ካለ ለመመለስ ዝግጁ ነኝ።