ከመባው በፊት ዕርቅ፤ በጉንደ ወይን በኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ የትምህርት ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ቤተ ክርስቲያን የኢዮቤልዩ በዓሏን ስታከብር ከበሮው ይመታል፥ ጸናጽሉ ይጸነጽላል፥ ካህናቱ ይዘምራሉ፥ ሕዝቡም እልል ይላል። ይህ ሁሉ ደስታ የተገባ ነው። ነገር ግን በዓል የሚያከብር ሰው የበዓሉን ስም ትርጓሜ ሊያውቅ ይገባዋል፤ ይህን ሳያውቅ የሚያከብር ሰው የእንግዳውን ስም ሳይጠይቅ ማዕድ እንደሚያቀርብ ባለቤት ነውና።

ኢዮቤልዩ የሚለው ቃል ከዕብራይስጥ የመጣ ነው፤ ምሥጢሩም ከአውራ በግ ቀንድ፥ ይኸውም ከመለከቱ ድምፅ ጋራ የተያያዘ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፥ የእስራኤል ልጆች ሰባት ጊዜ ሰባት፥ ማለት 49 ዓመት ቈጥረው 50ኛውን ዓመት እንዲቀድሱት ታዘዙ። በዚያም ዓመት ከድኽነት የተነሣ ርስቱን የሸጠ ሰው ወደ ርስቱ እንዲመለስ፥ ራሱን ለባርነት የሰጠም ነጻ ወጥቶ ከወገኖቹ እንዲቀላቀል፥ ምድሪቱም ሳትታረስ እንድታርፍ ሕግ ተሠራ።

መለከቱ የሚነፋበትን ቀን ልብ ማድረግ ይገባል። የሚነፋው በሰባተኛው ወር በ10ኛው ቀን ነበር፤ ይህም ቀን የማስተስረያ ቀን ነው። ስለ ምን በዚያ ቀን ሆነ ቢሉ፥ ከእግዚአብሔር ጋራ መታረቅና ለወንድም ርስቱን መመለስ የማይለያዩ ስለ ሆኑ ነው። ካህኑ በመቅደስ ስለ ሕዝቡ ኃጢአት ሲያስተሰርይ፥ ሕዝቡ ደግሞ በሜዳው የያዘውን የወንድሙን ማሳ ይለቅ ነበር። ያለዚህ መለከቱ የቀንድ ጩኸት ብቻ በሆነ ነበር።

ይህም ነገር ለጉንደ ወይን ሰው ሩቅ አይደለም። ጉንደ ወይን ከብቸና ወደ ሞጣ በሚያልፈው መንገድ ላይ ያለች የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ከተማ ናት፤ በዙሪያዋ ያለው ሰውም አብዛኛው አራሽ ነው። ለአራሽ ከመሬት የሚበልጥ ገንዘብ የለውም፤ ስለዚህም ከመሬት የሚበልጥ የጠብ ምክንያት የለውም። በቀድሞ ዘመን በጎጃም መሬት በርስት ይያዝ ነበር፤ ርስትም በአባትም በእናትም ወገን ስለሚቈጠር በአንድ ማሳ ላይ ብዙ ወራሽ ይነሣ፥ ሙግቱም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ፤ በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ተደረገ፤ ከዚያም ወዲህ ለባለ ይዞታው ደብተር ይሰጠው ጀመር። ሕጉ ብዙ ጊዜ ተለወጠ፤ በወሰኑ ላይ የቆመው ድንጋይ ግን ዛሬም ሌሊት ሲሄድ ያድራል። ድንጋይ እግር የለውም፤ የሚያስኬደው የሰው ልብ ነው። በኦሪት ዘዳግም በ27ኛው ምዕራፍ የባልንጀራውን ወሰን የሚያፈልስ ሰው ከተረገሙት ጋራ የተቈጠረው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ አንድ ሰው አለ እንበል። ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፤ የዐቢይ ጾምን 55 ቀን ሳያጐድል ይፈጽማል፤ ወር በገባ በ12 ለቅዱስ ሚካኤል፥ በ21 ለእመቤታችን፥ በ29 ለበዓለ ወልድ ክብር ሲል ሞፈርና ቀንበሩን ይሰቅላል። ነገር ግን በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ከባል የሞተባት ጎረቤቱ ማሳ አንድ ትልም፥ በሚመጣውም ዓመት ሌላ ትልም እየጨመረ ይገፋል። በበዓል ቀን የማያርስ ሰው በበዓሉ ማግስት የድኻዋን ማሳ ቢያርሰው፥ በዓሉን በምን አከበረው ይባላል? በሬዎቹ በዐረፉ ጊዜ ልቡ አላረፈችም። ነቢዩ ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ የወቀሳቸው ሰዎች እንደዚህ ያሉት ናቸው፤ ጾምን ይጾሙ ነበር፤ በጾማቸውም ቀን ይጣሉና ሠራተኛውን ያስጨንቁ ነበር። ነጋዴም ቢሆን ከዚህ ወቀሳ አያመልጥም፤ ነቢዩ አሞጽ በዓሉ እስኪያልፍ ቸኵለው ሚዛን ለማሳሳት የሚቈጥሩትን ሰዎች ገሥጿልና። ቅዳሴ ላይ ቆሞ የገበያውን ትርፍ የሚያሰላ ሰው ሥጋው በቤተ ክርስቲያን፥ ነፍሱ በገበያ ናት።

ይህ ሲባል ጾምና ጸሎት አይጠቅሙም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም የዕለት ኑሮን የሚያቀኑት እነርሱ ናቸው። አባቶቻችን ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት የሠሩት ስለዚህ ነው። ሥራ የበዛበት ሰው ጊዜ አጣሁ ይላል፤ ነገር ግን ሰባቱ ጊዜያት ከአራሽ ቀን ጋራ እንዴት እንደሚገጥሙ ቢያስተውል ይህን አይልም ነበር።

በነግህ ሌሊቱን በሰላም ያሳለፈውን አምላክ ያመሰግናል፤ አራሹ እርፉን ከመጨበጡ፥ እናቲቱም እሳቱን ከማንደዷ በፊት በትእምርተ መስቀል ያማትባሉ። በሦስት ሰዓት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ ወረደ፤ ይህ ሥራ የሚሞቅበት ሰዓት ነውና ሠራተኛ ኃይልን ይለምናል። በስድስት ሰዓት ጌታ በዕፀ መስቀል ተሰቀለ፤ በቀትር ከዛፍ ጥላ የሚያርፍ ሰው ለእርሱ ጥላ ያልተገኘለትን ጌታ ያስባል። በዘጠኝ ሰዓት ነፍሱን በፈቃዱ ሰጠ፤ የሚጾም ሰው ረኃብ በሚበረታበት በዚህ ሰዓት በየቀኑ የሚራበውን ያስታውሳል። በሠርክ ሥጋው ከመስቀል ወረደ፤ አራሹም በሬዎቹን ፈትቶ ሲመለስ፥ ዛሬ በማን ላይ ከባድ ቀንበር ጫንሁ ብሎ ራሱን ይጠይቃል። በንዋም ጌታ በጌቴሴማኒ እንደ ጸለየ ያስባል፤ ቍጣውንም ይዞ ወደ መኝታው አይሄድም። መንፈቀ ሌሊት የጌታ ዳግመኛ መምጣት የሚታሰብበት ነው፤ ብዙ አሮጊቶች እንቅልፍ ሲርቃቸው ተነሥተው ስለ ልጆቻቸው ይሰግዳሉ፥ ጸሎታቸውንም ከእግዚአብሔር በቀር የሚሰማ የለም።

ፊደል ያልቈጠረ ሰው ዳዊት መድገም አልችልም ቢል፥ አቡነ ዘበሰማያትን አያጣም። ነገር ግን ያችን አጭር ጸሎት የሚጸልይ ሰው ምን እንደሚል ይመርምር። በውስጧ ኃጢአቱ ይቅር እንዲባልለት ሲለምን፥ እርሱ የበደሉትን ይቅር በሚልበት መጠን እንዲሆንለት ይለምናል። እንኪያስ ቂም የያዘ ሰው ያንኑ ጸሎት ቢደግም በገዛ አፉ በራሱ ላይ ይፈርዳል። በወንጌል 10,000 መክሊት የተተወለት ባሪያ የባልንጀራውን 100 ዲናር መተው ስላልፈለገ ወደ ወኅኒ እንደ ተጣለ ሁሉ ያውቃል።

የጸሎት ፍሬ ደግሞ በደጅ ይታወቃል። ይህ አገር የትምህርት አገር ነው፤ በእነማይ ዲማ ጊዮርጊስ፥ በእናርጅ እናውጋ ደብረ ወርቅ ማርያም፥ በእነብሴ ሳር ምድር መርጡለ ማርያም በቅርብ አሉ። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኰፋዳውን አንግቦ፥ ውሻ እየጮኸበት በየደጁ ቆሞ ስለ እመቤታችን ስም ይለምናል። አንዲት እናት ቁራሽ እንጀራ ስትሰጠው ያ እጅ ነገ ቍርባን የሚያቀብል ይሁን ወይም ቅኔ የሚዘርፍ፥ አታውቅም። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረው፥ በኋላ የአገር አምባሳደርና ሚኒስትር የሆኑ፥ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን ፍቅር እስከ መቃብርን የጻፉ ሰው ናቸው። እንደነዚህ ያሉ ትምህርት ቤቶች የቆሙት በንጉሥ ግምጃ ቤት ብቻ አይደለም፤ ስማቸው በመጽሐፍ ያልተጻፈ ሴቶች ከልጆቻቸው ጕርሻ ቀንሰው በሰጡት ቁራሽ ነው። ያች ቁራሽ ከደጅ የተሰጠች መባ ናት።

ነገሩ ሁሉ የሚጠቀለለው በቅዳሴ ነው። ቅዳሴ በአምስት ልዑካን፥ በሁለት ቀሳውስትና በሦስት ዲያቆናት ይፈጸማል፤ የሚቈርብ ሰውም 18 ሰዓት ይጾማል። በጸሎተ አምኃም ጊዜ ዲያቆኑ ሕዝቡ እርስ በርሱ በተቀደሰ ሰላምታ እጅ እንዲነሣሣ ያዝዛል። በዚያ ጊዜ ሁሉም ወደ ቀኝና ወደ ግራ ራሱን ዝቅ ያደርጋል። እንግዲህ ከአጠገቡ የቆመው ወሰን የገፋበት፥ ወይም የወንድሙን ደም ያፈሰሰው ሰው ቢሆንስ? አንገቱን ያጐነበሰው ሰው ልቡ ካልጐነበሰ፥ በመሠዊያው ፊት ሐሰት ተናገረ። ስለዚህም ጌታ በማቴዎስ ወንጌል በ5ኛው ምዕራፍ ወንድሙ የተቀየመበት ሰው መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ አዘዘ። መባው ይቈያል፤ ዕርቅ ግን አይቈይም።

በዳዩ እርሱ ነውና እርሱ ይምጣ የሚል ሰው ቢገኝ፥ መልሱ ይህ ነው፤ የጌታ ትእዛዝ ማን እንደ በደለ በችሎት እስኪለይ ድረስ ጠብቅ አይልም፤ ጠቡ ትዝ ያለው ይነሣል። ጠላቴ ዕርቅ አይቀበልም የሚል ቢገኝ ደግሞ፥ ሽማግሌዎችና የነፍስ አባት የተሠሩት ለዚሁ ነው። በዚህ አገር ደም የፈሰሰ እንደ ሆነ ካህናት መስቀል ይዘው፥ ሽማግሌዎች በመካከል ቆመው፥ በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ በሟች ወገን ፊት ይወድቃል፤ የደሙም ካሣ ይቈረጣል፤ የሟች ወገንም ይቅር ለእግዚአብሔር ይላል። ይህን ቃል የሚናገር አባት አፉ ሲንቀጠቀጥ ያየ ሰው፥ ሰማዕትነት በዐደባባይ በመገደል ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል። ይልቁንም በዚህ ዘመን ሐዘን በብዙ ቤት በገባበት ጊዜ፥ ይህ ልማድ ከወርቅ ይልቅ የተወደደ ቅርስ ነው።

ነገር ግን ዕርቅ የወሰዱትን ሳይመልሱ አይፈጸምም። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ በማታለል የወሰደውን አራት እጥፍ ለመመለስ ተናገረ፤ ይቅርታ ለምኖ ገንዘቡን ይዞ አልቀረም። የተገፋውን ትልም ሳይመልስ ይቅር በለኝ የሚል ሰውም፥ ይቅርታውን ሁለተኛ ማሳ አድርጎ ሊወስደው ይፈልጋል።

ሕንፃ ያረጃል፤ ይህን የሚያስተምር ምስክር በቅርብ አለ። ንግሥት እሌኒ በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ16ኛው መጀመሪያ በመንግሥቱ ታላቅ ሥልጣን የነበራት፥ በመርጡለ ማርያም ያማረ ቤተ ክርስቲያን ያሠራች ናት። ያ ሕንፃ በግራኝ አሕመድ ጦርነት ዘመን ጠፋ፤ በኋላም በ17ኛው መቶ ዓመት በዚያው ስፍራ በተጠረበ ድንጋይ የተሠራው ዛሬ ፍርስራሹ ይታያል። ድንጋዩ ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ በዚያ ስፍራ የሚጸልይ ሕዝብ ግን አልጠፋም። ይህችም ደብር ዕድሜዋ የሚለካው በግድግዳዋ ዓመት ብቻ አይደለም፤ በጥላዋ ሥር በታረቁት ሰዎች፥ በደጇ በጠገቡት ድኾች ነው።

እንግዲህ የኢዮቤልዩ በዓል ሳያልፍ እያንዳንዱ ምእመን ሦስት ነገር ያድርግ። አንደኛ፥ ወሰኑን ይመልከት፤ የእርሱ ያልሆነ ትልም በማሳው ካለ በሽማግሌ ፊት ይመልስ። ሁለተኛ፥ ሰላምታ ወደ ነሣው ጎረቤት ቤት ጸሐይ ሳትገባ ይሂድ፤ እምቢ ቢባልም ከነፍስ አባቱ ጋራ ደግሞ ይሂድ። ሦስተኛ፥ በሰንበቴው፥ በጽዋውና በዝክሩ ማዕድ ለዘመድ ብቻ ሳይሆን የሚመልስለት ለሌለው ሰው ስፍራ ያብጅ። ክቡራን ካህናትም ለንስሐ ልጆቻቸው ስለ ጾማቸው ብቻ ሳይሆን ስለ ወሰናቸውም ይጠይቋቸው፤ ራሳቸውም በመቅደስ እርስ በርሳቸው በፍቅር ሆነው አርአያ ይሁኑ። ይህ የተደረገ እንደ ሆነ ከበሮው እውነተኛ መለከት ይሆናል፤ እልልታውም ወደ ሰማይ ይደርሳል።

መባን ከአቤል እጅ የተቀበለ፥ ዕርቅን በልጁ ደም የፈጸመ እግዚአብሔር፥ የዚህችን ደብር ካህናትና ሕዝብ ይባርክ፤ ያዘነውን ያጽናና፤ የተጣላውን ያስታርቅ፤ ዘሩን ለዘሪ፥ እንጀራን ለሚበላ ይስጥ፤ ለአገራችንም ሰላምን ያውርድ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።